ታች ሱቅ፣ ላይ ቤት

«ሱቅ» እና «ፎቅ» ሁለቱም ከዐረብኛ የመጡ ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው በምንጩ ገበያ ማለት ነው፤ ሁለተኛው «ላይ» ማለት ነው። አማርኛ «ገበያ» የሚል የራሱ ቃል ስለነበረው ሱቅን ለሌላ ነገር አዋለው። በሳምንት አንድ ቀን ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ማታ የሚበተነው ገበያ ነው፤ ግድግዳና መዝጊያ ኖሮት በየቀኑ የሚከፈተው ሱቅ ነው። ፎቅም እንዲሁ ነው። ደርብና ሰገነት የሚሉ ቃላት ቀድሞም ነበሩ፤ ሰገነት ሲባል ግን ለሰው ዓይን የሚመጣው ንጉሥ ወጥቶ የሚታይበት ቦታ ነው። ነጋዴው ከዕቃው በላይ የሚተኛበት ቤት ፎቅ ተባለ። ሁለቱ ቃላት አብረው የገቡት ቤቱ ራሱ አንድ ላይ ስለገባ ነው ማለት ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል፤ ነገር ግን ከእውነቱ ብዙ የራቀ አይደለም።

ዛሬ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በአስፋልቱ ወደ ቡሬ የሚሄድ ሰው በሁለቱም ከተሞች ሁለት ዓይነት ቤት ጎን ለጎን ቆሞ ያያል። አንዱ የባሕር ዛፍና የጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ፊቱን ለመንገዱ የሰጠ ዝቅ ያለ ቤት ነው። ከፊት ሱቅ፣ ከመጋረጃው ጀርባ መኝታ፣ ከዚያ ጓሮ፣ በጓሮው ማድ ቤት። ሌላው በብሎኬትና በሲሚንቶ የቆመ፣ ፊቱ መስታወት የለበሰ፣ ጂ ፕላስ ሁለት ወይም ጂ ፕላስ ሦስት የሚባለው ነው። ታቹ ሱቅ፣ ባንክ ወይም ፋርማሲ፤ ላዩ ፔንሲዮንና ቢሮ።

ሁለተኛው ከሩቅ ሲያዩት በብዙ አገሮች የንግድ ከተሞችን የሠራውን «ታች ሱቅ፣ ላይ ቤት» የተባለ አሠራር ይመስላል። ግን አብዛኛውን ጊዜ ላዩ ላይ የሚኖር ቤተሰብ የለም፤ ባለቤቱ ሌላ ሰፈር ነው የሚያድረው። የዚያ አሠራር እውነተኛ ወራሽ፣ ፎቅ የሚባል ነገር ሳይኖረው፣ ያ ዝቅተኛ የጭቃ ቤት ነው። መፍረስ ሲመጣ ግን ቀድሞ የሚፈርሰው እሱ ነው። ማንም «ቅርስ» ብሎት አያውቅምና።

ነገሩን ለመረዳት ከገጠሩ መነሣት ይሻላል።

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ሰፋ ባለ የቆየ ጎጆ ውስጥ ቆጥ የሚባል ነገር አለ። በእንጨት ተረብርቦ ከወለሉ ከፍ ብሎ የሚሠራ መኝታና ዕቃ ማስቀመጫ ነው። ከሥሩ ጋጣ አለ፤ ማታ ማታ ከብቶቹ እዚያ ይገባሉ። ላዩ ሰው፣ ታቹ ከብት። የከብቱ ትንፋሽ በደጋው ብርድ ለላዩ ሰው ሙቀት ይሆናል፤ ሌባ ወይም ጅብ ቢመጣ ደግሞ ባለቤቱ ወዲያው ይሰማል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሲባል የምናስበው ይህን ቆጥ ነው። እንግዲህ ገበሬውም ሀብቱን ከሥሩ አስገብቶ ከላዩ ይተኛ ነበር። ከነጋዴው የሚለየው ሀብቱ በሬ መሆኑ ብቻ ነው።

ታዲያ ጎጃም ይህን እያወቀ ለምን ሱቅ ያለው ፎቅ አልሠራም? ንግድ ስላልነበረ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዓባይ በስተ ሰሜን ያለው የባሶ ገበያ በአካባቢው ካሉት ሁሉ ትልቁ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ከደቡብ ቡናው፣ ወርቁ፣ ዝባዱና፣ መናገር ቢያሳፍርም፣ ባሪያው ዓባይን ተሻግሮ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይወርዳል። በ1830ዎቹ ዓ.ም ጎጃም የቆየው እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቤክ ስለ ባሶና ስለ አጠገቡ የነጋዴዎች መንደር ስለ የጁቤ ጽፏል። ገበያው ግን ሜዳ ነበር። የገበያው ቀን ሲያልፍ ሜዳው መልሶ ሜዳ ይሆናል። ነጋዴው ከቅፍለት ጋር ሄዶ ከቅፍለት ጋር የሚመለስ፣ ዕቃውን በበቅሎ ጭኖ በሰፈረበት የሚያድር ሰው ነው።

ከዚህ በላይ ግን ሌላ ምክንያት አለ፤ እሱም ርስት ነው። በጎጃም ሰው መሬት የሚያገኘው በአባቱም በእናቱም ዘር ቆጥሮ ነው። የሰው ክብሩም መብቱም ከመሬቱ ጋር የተሰፋ ነው። ንግዱን በብዛት የያዙት ሙስሊሞች ደግሞ ከርስት የተገለሉ ነበሩ። በጎንደር በአጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ በ1660 ዓ.ም የተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች በተለየ ሰፈር እንዲኖሩ ወስኖ ነበር። መሬት የያዘው አይነግድም፤ የሚነግደው መሬት የለውም። ሱቅ ማለት ደግሞ መሬት ላይ የቆመ ንግድ ነው። ሁለቱ በአንድ ቤት እንዲገናኙ መሬትን መግዛትና መሸጥ የሚቻልበት ከተማ ያስፈልግ ነበር።

ያ ከተማ መጀመሪያ ሐረር፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ ሆነ።

ሐረር የቆየ የንግድ ከተማ ናት፤ ሐረሪዎች የራሳቸው ድንቅ የቤት አሠራር አላቸው። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም ከተማዋን ከያዙ በኋላ የመጡት ሕንዳውያን ነጋዴዎች ግን ሌላ ቤት ሠሩ። ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን፣ ሁለት ደርብ፣ የእንጨት በረንዳው ወደ መንገዱ ወይም ወደ ግቢው የሚያይ። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ እነዚህን ቤቶች ለይቶ ጠቅሷቸዋል፤ የከተማዋን መልክ እንደለወጡና ከሐረሪው አሠራር ጋር ተዳቅለው አዲስ ቤት እንደወለዱ ጽፏል። ቱሪስት ሁሉ «የራምቦ ቤት» እያለ ፎቶ የሚያነሣው ባለቀለም መስታወቱ ትልቅ የእንጨት ቤትም የሕንድ ነጋዴ ሥራ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ በ1884 ዓ.ም ሞቷል፤ ቤቱ ደግሞ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ለነጋዴው ቤት ክብር ለመስጠት የገጣሚ ስም ማስፈለጉ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። የአራዳ ገበያ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነጋድራሱ ሹመት የሚያዝበት ትልቅ ሜዳ ነበር። በሜዳው ዙሪያ ሕንዱ፣ አርመኑ፣ ግሪኩና የመኑ ዐረብ ሱቅ መሥራት ጀመሩ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም አካባቢ ባወጡት ደንብ በከተማው ቦታ መግዛትና መሸጥ ሲፈቀድ ነገሩ ሥር ሰደደ። ርስት የሌለው ሰው ቦታ ገዝቶ ቤት የሚሠራበት፣ ቤቱን ደግሞ መተዳደሪያ የሚያደርግበት ዘመን መጣ።

ቤቱ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከአገሬው ዕቃ የተሠራ ነው። ታቹ የድንጋይ ግንብ ነው፤ ድንጋዩ በጭቃ ወይም በኖራ ይያያዛል። ግንቡ ወፍራም የሆነው ላዩን ለመሸከም ብቻ አይደለም፤ ሌባ እንዳይቆፍረውም ጭምር ነው። ላዩ ቀላል መሆን ስላለበት የባሕር ዛፍ ወጋግራ ቆሞ፣ ማገር ተማግሮ፣ ጭድ በገባበት ጭቃ ይመረጋል፤ ማለትም የገበሬው ጎጆ ግድግዳ ነው፣ ፎቅ ላይ የወጣ። ወለሉ ጣውላ ነው። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፤ የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲደርስ ቆርቆሮና ሚስማር እንደ ልብ መገኘት ጀመረ። ባሕር ዛፉም በምኒልክ ዘመን የመጣ ባዕድ ነው። ሕንዱና አርመኑ ሠሪ የጨመረው የእንጨቱን ጥበብ ነው። እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ የጣሪያ ከንፈር፣ የተጠማዘዘ በረንዳ፣ ከውጭ በኩል የሚወጣ ደረጃ።

ደረጃው ከውጭ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከውስጥ ቢሆን የሱቁን ቦታ ይበላል፤ ደግሞም ገዢው ዓይኑን ወደ ቤተሰቡ ጓዳ እንዳይልክ ያደርጋል። በረንዳው ሁለት ሥራ ነበረው። ለላዩ ሰው ማረፊያና የመንገዱ መቃኛ ነው፤ ለታቹ ሱቅ የፀሐይና የዝናብ መከላከያ ነው። በክረምት ገዢው ሳይበሰብስ ከሱቅ ሱቅ ይሄዳል። አማርኛ ከዚህ በረንዳ አንድ የሚያሳዝን ቃል አገኘ፤ «በረንዳ አዳሪ»። ነጋዴው ከላይ ሲተኛ፣ ቤት የሌለው ደግሞ ከታች በሱቁ ደጃፍ ይተኛል። ቤቱ ያላሰበውን ሦስተኛ ነዋሪ አሳደረ ማለት ነው።

የዚህ አሠራር ትልቁ ስም መሐመድ አሊ ነው። የሕንዱ ኩባንያ ከሐረር ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባ፣ ከጨርቅ እስከ ጥይት የማያስመጣው ነገር አልነበረም የሚባልለት፣ በዘመኑ ከአስመጪዎች ሁሉ ግንባር ቀደም የነበረ ድርጅት ነው። የአራዳው ሕንፃው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ኩባንያው ግን ጣሊያንን አልተሻገረም። ፋሺስቶቹ በ1929 ዓ.ም ዘግተው ሕንዶቹን አስወጧቸው።

ጣሊያን ያፈረሰው አንድ ኩባንያ ብቻ አልነበረም። የከተማ ፕላኑ መሠረት ዘር መለየት ነበር። አራዳ «ፒያሳ» ተብሎ ለነጮች ተከለለ፤ የአገሬው ገበያ ከጊዮርጊስ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ከተማ ተወሰደ፤ መርካቶ የሚለው ስም ከዚያ ነው የመጣው። በጎንደር ደግሞ የአማራ ግዛት መቀመጫ ብለው የራሳቸውን ፒያሳ ሠሩ። የጎንደር ፒያሳ ዛሬም የቆመ ነው፤ ታቹ ሱቅና ቡና ቤት፣ ላዩ ቢሮና መኖሪያ። በአማራ ክልል ውስጥ «ታች ሱቅ፣ ላይ ቤት» በሲሚንቶ ተሠርቶ ማየት የሚፈልግ እዚያ ይሂድ። ጣሊያን ጎንደርን በኅዳር 1934 ዓ.ም ለቀቀ፤ በሠራቸው ሱቆች የአገሬው ነጋዴ ገባባቸው። የሠራው ማንም ይሁን፣ ከ80 ዓመት በላይ የኖረበትና የነገደበት ጎንደሬው ነው።

ጎጃም ላይ ጣሊያን የተወው ፒያሳ ሳይሆን መንገድና ምሽግ ነው። በየካቲት 1933 ዓ.ም የጌዴዎን ጦር የተባለው ኃይልና አርበኞች ከዳንግላ እስከ ደብረ ማርቆስ በመንገዱ ዳር የተሰደሩትን ምሽጎች ሲያጠቁ፣ ከምሽጎቹ ትልቁ ከነበሩት አንዱ ቡሬ ላይ ነበር። በወሩ መጨረሻ ጣሊያን ቡሬን ለቆ ሸሸ። ንጉሠ ነገሥቱ ከኋላ ተከትለው አለፉ፤ ወጀት ትባል የነበረችውን መንደርም ፍኖተ ሰላም ብለው ሰየሟት። የሰላም መንገድ ማለት ነው። ስሙ ከተማዋ ምን እንደምትሆን አስቀድሞ የተናገረ ይመስላል፤ ፍኖተ ሰላም መንገድ ተከትላ የተዘረጋች ከተማ ናትና።

የመንገድ ከተማ ቤቱን ይለውጠዋል። በአራዳ ቦታ ውድ ነበር፤ ሁሉም ወደ ገበያው መጠጋት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቤቱ ወደ ላይ ወጣ። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ውድ የነበረው ፊት ብቻ ነው፤ ወደ መንገዱ የሚያየው ጥቂት ሜትር። ከጀርባው ቦታ ሞልቷል። እናም ነጋዴው የአራዳውን ፎቅ ወስዶ አጋደመው። ታች የነበረው ሱቅ ፊት ሆነ፤ ላይ የነበረው መኖሪያ ወደ ኋላ ሄደ፤ ደረጃው መጋረጃ ሆነ። በርም ሳይሆን መጋረጃ መሆኑን ልብ በሉ። እናት ከኋላ ሽንኩርት እየከተፈች ሱቅ ውስጥ የገባውን ሰው ድምፅ ትሰማለች፤ ልጅ የቤት ሥራውን ባንኮኒው ላይ ይሠራል፤ ማታ ሳንቃው ከተዘጋ በኋላም ሻማ ወይም ስኳር ያለቀበት ጎረቤት አንኳክቶ ይገዛል።

ወደ ላይ ላለመውጣት ሌላም ምክንያት ነበር፤ እሱም ዕቃው ራሱ ነው። ሕንዱ ጨርቅ ነበር የሚሸጠው፤ ጨርቅ አይሸትም፣ አይክብድም፣ ከላዩ ቢተኙ ችግር የለውም። ቡሬ ግን የበርበሬና የእህል አገር ነው። በርበሬ የሞላበት መጋዘን ላይ ሕፃን ልጅ ይዞ ለመተኛት የሚደፍር ካለ ይሞክረው። ሌሊቱን ሲያስነጥስ ያድራል። እህል ደግሞ ነቀዝና አይጥ ይጠራል፤ መቶ ኩንታል የተደረደረበት ወለልም የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ አይሠራም። ስለዚህ መጋዘኑ ከጓሮ፣ ሰው ከመሀል፣ ሱቁ ከፊት ሆነ። ያልተማረ ግንበኛ የሠራው ነው ብሎ የሚንቀው ሰው ከብዙ የኮሌጅ ፕላን የተሻለ የታሰበ ነገር እየናቀ ነው።

ይህ ቤት ለማን ጠቀመ የሚለው ደግሞ የታሪኩ ትልቁ ክፍል ነው፤ ብዙ ጊዜ አይነገርም። በአማራ አገር ትንንሽ ከተሞች ከነዋሪው ብዙው ሴት ነበረች። ትዳሯ የፈረሰ፣ ባሏ የሞተ፣ ገጠር ላይ የሚያርስላት ያጣች ሴት ወደ መንገዱ ትመጣለች። የፊተኛዋን ክፍል ጠላ ቤት ወይም አረቄ ቤት ታደርጋለች፤ ከመጋረጃው ጀርባ ትኖራለች። ያለ በሬና ያለ ባል ቤተሰብ ማስተዳደር የሚቻለው ቤትና ሥራ አንድ ጣሪያ ሥር ሲሆኑ ነው። ሕፃን ትታ የምትሄድበት የለም፤ የመሥሪያ ቦታ ኪራይ የምትከፍልበት ገንዘብ የለም። ትንሽ ስትጠራቀም ከጓሮዋ ሁለትና ሦስት ክፍል ትሠራና ለአስተማሪ፣ ለወታደር፣ ለተማሪ ታከራያለች። የብዙ ከተሞች የመጀመሪያ «አከራዮች» ፊውዳሎች ብቻ አልነበሩም፤ እንዲህ ያሉ ሴቶችም ነበሩባቸው።

ከዚያ 1967 ዓ.ም መጣ።

በየካቲት የወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት ለአራሹ ብሎ የመንግሥት አደረገ። በሐምሌ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ወጣ፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው አንድ መኖሪያ ቤት ነው። ለንግድ የሚሠራበት ቤት ካለው ለሥራው የሚያስፈልገውን ያህል በፈቃድ ይይዛል። ቀሪው ትርፍ ነው። የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። አነስተኛ ኪራይ የሚከፍለው ሰው ኪራዩ ተቀነሰለት፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። በአዲስ አበባ በመቶ የሚቆጠር ቤት የያዙ መኳንንት ነበሩና ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም።

ሕጉ ግን ቤትን ያየው በሁለት ዓይን ነው፤ ወይ መኖሪያ ነው፣ ወይ የንግድ ነው። አንዱን ከአንዱ የሚያስተሳስረው ደረጃና መጋረጃ በአዋጁ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ላዩን የሚኖርበትና ታቹን ያከራየ ሰው ታቹን አጣ። ታቹን የሚነግድበትና ላዩን ያከራየ ላዩን አጣ። በአንድ ግድግዳ ውስጥ ሁለት አከራይ ተፈጠረ፤ የግል ባለቤትና መንግሥት። ጣሪያው ሲያፈስ ማን ይጠግን? የላዩ ሰው «የኔ አይደለም» ይላል፣ የታቹ ሰው «እኔ ተከራይ ነኝ» ይላል፣ ቀበሌው ከ20 ብር ኪራይ ላይ ምን ቆርቆሮ ይግዛ? የአራዳ የእንጨት በረንዳዎች የተንጠለጠሉት፣ ደረጃዎቹ የበሰበሱት ጦርነት ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶባቸው አይደለም። ባለቤት አልባ ሆነው ነው። የእነዚያ ሴቶች የጓሮ ክፍሎችም ለቀበሌ ሄዱ። ከአዋጁ ሁሉ ጥቅም ያገኘው ብዙ ነው፤ ያጣውም ሁሉ ግን ራስ ወይም ደጃዝማች አልነበረም።

ከደርግ በኋላ የመጣው መንግሥት ቤቶቹን በአብዛኛው አልመለሰም። ኪራይ ቤቶች ስሙን ቀይሮ ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ነው። ጂ ፕላስ የሚባለው የመጣውም በዚህ ዘመን ነው። ቦታ በሊዝ ሲሆን፣ በዋና መንገድ ዳር ከዚህ ፎቅ በታች አይሠራም ሲባል፣ የሚሠራው ሰው ብድር ይወስዳል። ብድር ያለበት ሰው ደግሞ ላዩን ለልጆቹ መኝታ አያደርግም፤ ያከራየዋል። ስለዚህ ሕንፃው ፎቅ ሆኖ ቤት አልሆነም። በኮንዶሚኒየሙም ነገሩ ያው ነው። የመጀመሪያው ፎቅ ለንግድ ተብሎ በጨረታ ይሸጣል፤ ላዩ ለነዋሪ በዕጣ ይሰጣል። ከሩቅ ላየው «ታች ሱቅ፣ ላይ ቤት» ነው። ነገር ግን የታቹ ባለሱቅ ላዩ ላይ አይኖርም፤ ላዩ የሚኖረውም ታች አይነግድም። ጨረታው ሚሊዮን ሲያወጣ የጠላ ቤቷ ሴት ጨረታው ቦታም አትደርስም።

ሌላ አገር ይህ ክርክር ሌላ መንገድ ሄዷል። ሲንጋፖር ውስጥ እንግሊዙ ራፍልስ እ.ኤ.አ. በ1822 ባወጣው ፕላን ሁሉም ቤት ወደ መንገዱ ሽፋን ያለው መተላለፊያ እንዲተው ታዘዘ፤ ቻይናና ሕንድ ነጋዴዎች ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ ያላቸውን ጠባብ ረጃጅም ቤቶች በሺህ ሠሩ። ከነፃነት በኋላ መንግሥት ብዙውን አፈረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ግን ቻይናታውንን የመሳሰሉ ሰፈሮችን በሕግ ከለላ አደረገላቸው። ዛሬ እነዚያ ቤቶች ከአገሪቱ ውድ ንብረቶች መሀል ናቸው። የዱሮው ነዋሪ ግን በአብዛኛው ወጥቷል። ግድግዳው ድኖ ኑሮው ከጠፋ ድሉ ግማሽ ነው፤ ሲንጋፖርን እንደ ተአምር የሚጠቅሱት ሰዎች ይህችን አያነሷትም።

እኛ ጋ ግን ግድግዳውም አልዳነም። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም የወጣ ነው። በተግባር የቅርስ ዝርዝር ሲሠራ ቀድሞ የሚገባው ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ቤተ መንግሥትና የመኳንንት ግቢ ነው። ሱቅ የሚገባው በጣም ትልቅ ከሆነ ወይም የታዋቂ ሰው ስም ካለበት ነው። በ2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ሰፈሮቹ በሳምንታት ውስጥ ተነሡ። ዝርዝር ውስጥ ያሉት ጥቂት ሕንፃዎች ሜዳ ላይ ብቻቸውን ቆመው ቀሩ። ከጎናቸው የነበሩት ስም የለሽ ሱቆች፣ ማለትም ሰፈሩን ሰፈር ያደረጉት፣ የሉም። ሰፈሩ መፀዳጃና ውሃ የቸገረው፣ ግድግዳው የዘመመ ነበር፤ ይህም ውሸት አይደለም። ግን የዘመመው ለምን እንደሆነ ከላይ ተጽፏል። 40 ዓመት ያልጠገነ አከራይ ቤቱ አረጀ ብሎ ሲያፈርስ አከራዩ ማን እንደነበር መጠየቅ ያስፈልጋል።

የኮሪደሩ አሠራር ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ክልል ከተሞች ሄዷል፤ ባሕር ዳርና ጎንደር ቀምሰውታል። ምዕራብ ጎጃም ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በጦርነት ውስጥ ነው። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር፣ ሳንቃ ከፍቶ መዋል አደጋ በሆነ ቁጥር፣ ቤቱና ሱቁ አንድ የሆነ ሰው ቢያንስ በጓሮ በር ለጎረቤት ጨውና ዘይት ማቀበል ይችላል፤ ሱቁን ጂ ፕላስ ሥር የተከራየው ግን ቆልፎ ይሄዳል፣ ኪራዩ ይቆጥርበታል። ሰላም ሲመጣ ደግሞ ቡሬ የምትቆየው አሁን ባለችበት አይደለም። በ2013 ዓ.ም የተመረቀው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ እዚያ ነው፤ ወደ ነቀምቴ የሚወርደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚያ ነው። መንገድ ይሰፋል፤ መንገድ ሲሰፋ መጀመሪያ የሚነካው ደግሞ ፊት ነው፣ ያ ጥቂት ሜትር።

ያን ጊዜ ሒሳቡ የሚሠራው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። አዋጁ ለተነሺው ለንብረቱ ካሣ፣ ለጠፋበት ገቢም ካሣ እንዲታሰብ ይላል፤ ከቀድሞው የተሻለ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ግን የግድግዳው ባለቤት አይደለችም፤ የምታገኘው ምትክ መኖሪያ ነው። ከአዲስ አበባ የተነሡት ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ምትክ ይዘው ከከተማው ዳር ገብተዋል። መኖሪያውን ቆጥሮ መኖሪያ መተካት በወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ አንዱ በአንዱ ተተክቷል። ፊቷን ለመንገድ ሰጥታ ጠላ ስትሸጥ የኖረች ሴት የአራተኛ ፎቅ ቁልፍ ስትቀበል ግን ጋኑን የት ታቆመዋለች? የአራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ አላፊ አግዳሚ የለም።